ከሩቅ ሆኖ ሰርቨርና ዳታቤዝ ማስተዳደር፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ብዙዎቻችን የምናስተዳድረውን ሰርቨር በአካል አይተነው አናውቅም። ማሽኑ ጀርመን ወይም ፊንላንድ ነው፣ እኛ ሀዋሳ ወይም መገናኛ። መሃል ላይ ያለው መስመር ደግሞ መብራት ሲሄድም፣ ፓኬጅ ሲያልቅም፣ እንዲሁ ያለ ምክንያትም ይቆረጣል። እዚህ ያሉት መልሶች አብዛኞቹ የሚነሱት ከአንድ ሐሳብ ነው፦ መስመሩ በማንኛውም ሰከንድ እንደሚቆረጥ አስባችሁ ስሩ፤ ሲቆረጥ የሚበላሽ ነገር አይኑር።

ምሳሌዎቹ ኡቡንቱ በሚባለው የሊኑክስ ሲስተም ላይ ለተጫኑት ዳታቤዞች፣ ለማይኤስኪውኤል ወይም ለፖስትግሬስ ናቸው። ትዕዛዞቹን በአፍ እንደምንጠራቸው ጽፌያቸዋለሁ፤ ተርሚናሉ ላይ ስትተይቧቸው ግን እንደተለመደው በላቲን ፊደል ነው።

ትንሽ ዝም ስል ተርሚናሉ ድርቅ ይላል። ለምንድን ነው?

ብዙ ጊዜ ሰርቨሩ ምንም አልሆነም። መሃል ላይ ያለ ራውተር ለተወሰነ ጊዜ ምንም ያልተላለፈበትን ግንኙነት ከመዝገቡ ይሰርዘዋል። ይህን እናንተም አታውቁም፣ ሰርቨሩም አያውቅም። ትተይባላችሁ፣ የሚሰማችሁ የለም።

ከሩቅ ወደ ሰርቨር የምንገባው ኤስኤስኤች በሚባለው የተሸፈነ መስመር ነው። ላፕቶፓችሁ ላይ ባለው የኤስኤስኤች ኮንፊግ ፋይል ውስጥ "ሰርቨር አላይቭ ኢንተርቫል" የሚለውን 60 አድርጉት። በየ60 ሰከንዱ ትንሽ ምልክት እየሄደ መስመሩን ያቆየዋል። የደረቀውን ለመዝጋት ደግሞ መስኮቱን መግደል አያስፈልግም። መጀመሪያ ኢንተር፣ ቀጥሎ የሞገድ ምልክቷን (ቲልዳ)፣ ቀጥሎ ነጥብ ተጫኑ። ወዲያው ይለቃችኋል።

ኔታችሁ በጣም የሚንቀራፈፍ ከሆነ፣ ወይም ከዋይፋይ ወደ ሞባይል ዳታ የምትመላለሱ ከሆነ "ሞሽ" የሚባለውን የመግቢያ ፕሮግራም ሞክሩት። ኤምአይቲ ውስጥ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2012 የወጣ ነው። አይፒያችሁ ቢቀየርም፣ ላፕቶፑ ተኝቶ ቢነሳም ካቆመበት ይቀጥላል። ሰርቨሩም ላይ መጫን አለበት። ከ60000 እስከ 61000 ባሉት የዩዲፒ ፖርቶች (ፖርት ማለት ሰርቨሩ ላይ ያለ ቁጥር የተሰጠው በር ነው) ስለሚሠራ ፋይርዎሉ ላይ ፍቀዱለት።

ትልቅ ዳታ እያስገባሁ ኔት ቢቆረጥስ?

እንዲሁ በባዶ ሼል (ትዕዛዛችሁን በሚቀበለው ፕሮግራም) እየሠራችሁ ከሆነ ሥራው አብሮ ይሞታል። ሼሉ ሲዘጋ በውስጡ ለሚሮጠው ሁሉ የመዝጊያ ምልክት ይደርሰዋል። 2 ጊጋ የኤስኪውኤል ፋይል እያስገባችሁ ከነበረ የገባው ገብቶ ያልገባው ይቀራል። የቱ እንደገባ ማጣራቱ ከማስገባቱ የባሰ ሥራ ነው።

ስለዚህ ሰርቨሩ ውስጥ እንደገባችሁ መጀመሪያ ቲመክስን ክፈቱ። ቲመክስ ሰርቨሩ ላይ የሚኖር ተርሚናል ነው፤ እናንተ የምታዩት መስኮቱን ብቻ ነው። ሥራውን አስጀምሩ። ከዚያ ኮንትሮልንና ቢን አንድ ላይ ተጫኑ፣ ልቀቁ፣ ዲን ተጫኑ። እናንተ ትወጣላችሁ፣ ሥራው ይቀጥላል። ቤት ሄዳችሁ፣ እራት በልታችሁ ስትገቡ "ቲመክስ አታች" ብትሉ ያው ስክሪን፣ ያው መስመር ላይ ይጠብቃችኋል። ኔት በድንገት ሲቆረጥም የሚሆነው ይኸው ነው።

ጀማሪዎችን የምታደናግር አንዲት ነገር አለች። ቲመክስ መከፈት ያለበት ሰርቨሩ ላይ ነው። ላፕቶፕ ላይ ከፍቶ በውስጡ ኤስኤስኤች ማድረግ ከመቆረጥ አያድንም። ሰርቨሩ ራሱ ሪስታርት ካደረገም ቲመክስ አብሮ ይጠፋል። የእኔ ምክር ከ1 ደቂቃ በላይ የሚፈጅ ነገር ሁሉ በቲመክስ ይሁን የሚል ነው። ይህችን አንዷን ልማድ ብቻ ብትይዙ እንኳ ብዙ ሌሊት ትተርፉበታላችሁ።

ጠንካራ ፓስወርድ አለኝ። የኤስኤስኤች ቁልፍ (በፓስወርድ ፈንታ የሚያስገባ ፋይል) የግድ ነው?

አዎ። ኤስኤስኤች ራሱ የተወለደው ከፓስወርድ ስርቆት ነው። እ.ኤ.አ. በ1995 ሄልሲንኪ የቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ ኔትወርክ ላይ ፓስወርድ የሚለቅም ሰው ተገኘ። በጊዜው ከሩቅ መግቢያ የነበረው ቴልኔት ፓስወርዱን እንዳለ፣ ሳይሸፍን ነበር የሚልከው። እዚያው ይሠራ የነበረው ታቱ ዩሎነን ለዚህ መላ ብሎ ኤስኤስኤችን ጻፈ።

ዛሬ መስመሩ ተሸፍኗል፤ የቀረው አደጋ ግምት ነው። ኢንተርኔት ላይ ያለ ሰርቨር ቀን ከሌት በቦት (በራሱ በሚሮጥ ፕሮግራም) ይንኳኳል። አዲስ ሰርቨር ከፍታችሁ በማግስቱ የመግቢያ ሎጉን ብታዩት "ሩት"፣ "አድሚን"፣ "ቴስት" እያሉ የሚሞክሩትን ታገኛላችሁ።

"ኤስኤስኤች ኪጄን" በሉና ኢዲ25519 የሚባለውን ዓይነት ምረጡ። ሁለት ፋይል ይወጣል። ጓጉንቸሩን በፈለጋችሁት በር ላይ አንጠልጥሉት፣ ቁልፉ ግን ከኪሳችሁ አይውጣ። ጓጉንቸሩ "ፐብ" ብሎ የሚያልቀው ፋይል ነው፤ ሰርቨሩ ላይ ይቀመጣል። ሌላኛው ከላፕቶፓችሁ አይወጣም። በቴሌግራም አይላክም፣ በኢሜይል አይላክም፣ ለባልደረባም አይሰጥም። ባልደረባችሁ የራሱን ይፍጠርና ጓጉንቸሩን ይላክላችሁ። ሥራ ሲለቅ የእሱን መስመር ብቻ ሰርዛችሁ ትገላገላላችሁ። አንድ ቁልፍ ለአምስት ሰው ያካፈለ ቢሮ ግን አንዱ በለቀቀ ቁጥር የሁሉንም መቀየር አለበት።

ቁልፉ ላይም የይለፍ ሐረግ አድርጉበት። ላፕቶፕ ይሰረቃል።

ፓስወርድ መግቢያውን ልዘጋ ነው። ራሴን እንዳልቆልፍ ምን ላድርግ?

የገባችሁበትን መስኮት አትዝጉት። ቅንብሩን ለውጡ፣ "ኤስኤስኤችዲ" ላይ ትንሿን ቲ ጨምራችሁ ፋይሉ የአጻጻፍ ስህተት እንደሌለበት አረጋግጡ፣ አገልግሎቱን ሪሎድ አድርጉ። አሁን ሁለተኛ መስኮት ከፍታችሁ እንደ አዲስ ለመግባት ሞክሩ። ከገባ ጨርሳችኋል። ካልገባ የመጀመሪያው መስኮት አሁንም ክፍት ነውና ትመልሱታላችሁ።

ፋይርዎልም እንዲሁ ነው። የኡቡንቱን ፋይርዎል፣ ዩኤፍደብልዩን፣ ከማብራታችሁ በፊት ኤስኤስኤችን ፍቀዱ። ቅደም ተከተሉ ከተገለበጠ ውጭ ቀራችሁ ማለት ነው።

ውጭ ከቀራችሁም አትደንግጡ። ሰርቨር አከራዮች በድረ ገጻቸው ላይ ኮንሶል አላቸው፤ ልክ ማሽኑ ፊት ተቀምጣችሁ እንደምትተይቡ ያስገባችኋል። የት እንዳለ ዛሬውኑ ፈልጉት። በጭንቅ ሰዓት መፈለግ ሌላ ጭንቅ ነው።

ፖርት 22ን ልቀይረው?

ብትቀይሩት ሎጉ ይጸዳል፣ ደኅንነቱ ግን ብዙም አይጨምርም። ቁልፍ ካላችሁና ፓስወርድ መግቢያው ከተዘጋ 22 ላይ ቢቆይ ችግር የለውም። ቁጥሩ የተመረጠው ከፋይል ማስተላለፊያው ከኤፍቲፒ 21 እና ከቴልኔት 23 መሃል ክፍት ስለነበር ነው። ኤስኤስኤች የመጣው ሁለቱን ለመተካት ስለነበር ቦታው ገጠመለት።

ዳታቤዙን ከላፕቶፔ ለማየት ፖርቱን ለኢንተርኔት ልክፈተው?

በፍጹም። የማይኤስኪውኤል 3306ም ሆነ የፖስትግሬስ 5432 ለኢንተርኔት ክፍት መሆን የለበትም። እ.ኤ.አ. በጥር 2017 ያለ ፓስወርድ ክፍት የቀሩ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ የሞንጎዲቢ ዳታቤዞች ተሰርዘው በቦታቸው ገንዘብ የሚጠይቅ ማስታወሻ ተቀምጦባቸዋል። ከፍለውም ዳታቸውን ያላገኙ ነበሩ።

ዳታቤዙ 127.0.0.1 ላይ፣ ማለትም ከራሱ ከሰርቨሩ ውስጥ ለሚመጣ ብቻ፣ ያድምጥ። እናንተ በኤስኤስኤች ዋሻ፣ ተነል በሚባለው፣ ትገባላችሁ። ላፕቶፓችሁ ላይ ለምሳሌ ፖርት 3307ን ትከፍታላችሁ፤ እሱ ላይ የሚመጣው ሁሉ በተሸፈነው መስመር ሄዶ ሰርቨሩ ላይ ካለው 3306 ጋር ይገናኛል። ዲቢቨርን የመሰሉ የዳታቤዝ ማያ ፕሮግራሞች ኤስኤስኤች የሚል ገጽ አላቸው፤ ሞልታችሁት ትረሱታላችሁ።

ዶከርን (ፕሮግራሞችን በየራሳቸው ሳጥን የሚያስኬደውን) የምትጠቀሙ ይህን ልብ በሉ። ዶከር ፖርት ሲከፍት ዩኤፍደብልዩን አልፎ ነው። "ፋይርዎሌ ዘግቶታል" ብላችሁ ተኝታችሁ ዳታቤዙ ለዓለም ክፍት ሊሆን ይችላል። ፖርቱን ስትጽፉ ከፊቱ 127.0.0.1 ጨምሩበት። ከዚያ ከሌላ ኔትወርክ ሆናችሁ ሞክሩት፤ መከልከሉን በዓይናችሁ እዩ።

ዊንዶውስ ሰርቨር ነው የምጠቀመው። ሪሞት ዴስክቶፕስ?

ፖርት 3389ን ለኢንተርኔት አትክፈቱ። እ.ኤ.አ. በ2019 ብሉኪፕ የተባለው ቀዳዳ ሲገኝ ያለ ፓስወርድ የሚያስገባ ስለነበር ማይክሮሶፍት ድጋፍ ላቆመለት ዊንዶውስ ኤክስፒ ጭምር ማስተካከያ ለማውጣት ተገዷል። ከፊት ለፊቱ ዋየርጋርድ ወይም ሌላ ቪፒኤን አድርጉና በእሱ በኩል ግቡ።

በየሌሊቱ ባካፕ ይወሰዳል። ይበቃል?

ሪስቶር አድርጋችሁ (ከባካፑ ዳታውን መልሳችሁ) አይታችሁታል? ካላያችሁት ባካፕ አለኝ አትበሉ።

የፕሮግራም ኮድ የሚቀመጥበት ድረ ገጽ፣ ጊትላብ፣ ላይ የደረሰውን ላስታውሳችሁ። ቀኑ እ.ኤ.አ. ጥር 31 ቀን 2017 ነው። ሌሊት ላይ ሲሠራ የነበረ ኢንጂነር ሁለተኛው ሰርቨር ላይ ያለ መስሎት የዋናውን የፖስትግሬስ ዳታ ፎልደር መሰረዝ ጀመረ። ነቅቶ ሲያቆመው ከ300 ጊጋ ገደማ የቀረው 4.5 ጊጋ ነበር። ወደ ባካፖቹ ሄዱ። የዕለቱ ፒጂደምፕ (የፖስትግሬስ ባካፕ መውሰጃ) ለካ ከዳታቤዙ በቆየ ቨርዥን እየሮጠ ሲከሽፍ ከርሟል። ሲከሽፍ ይልከው የነበረው ኢሜይልም ተቀባዩ ጋ አይደርስም ነበር። ሌሎቹም ዘዴዎች አላዳኗቸውም። ያተረፋቸው ለሙከራ ሰርቨር ተብሎ ከ6 ሰዓት ገደማ በፊት የተወሰደ ቅጂ ነው። የእነዚያ ሰዓታት ዳታ ጠፋ። የሆነውን ሁሉ ሳይደብቁ ለሕዝብ መጻፋቸው የሚያስመሰግናቸው ነው፤ ብዙዎቻችን ከእሱ ተምረናል።

ሌላው ደግሞ ቦታ ነው። እ.ኤ.አ. መጋቢት 10 ቀን 2021 ፈረንሳይ፣ ስትራስቡርግ ከተማ የሰርቨር አከራዩ የኦቪኤች ዳታ ማዕከል በእሳት ተቃጠለ። ባካፓቸውን እዚያው ግቢ ያስቀመጡ ደንበኞች ሁለቱንም በአንድ ሌሊት አጡ። አንዱ ቅጂ ሌላ አገር፣ ቢቻል ሌላ ድርጅት ዘንድ ይቀመጥ።

አወሳሰዱን በተመለከተ፣ የማይኤስኪውኤልን ባካፕ መውሰጃ፣ ማይኤስኪውኤል ደምፕን፣ "ሲንግል ትራንዛክሽን" በሚለው አማራጭ አስኪዱት። ኢኖዲቢ የሚባሉትን (የተለመዱትን የማይኤስኪውኤል) ቴብሎች ሳይቆልፍ የአንድ ቅጽበት ምስል ይወስዳል፤ ደንበኛው መሸጡን አያቆምም። ውጤቱን በቀጥታ ወደ ፋይል ማመቂያው ወደ ጂዚፕ የምትልኩ ከሆነ ግን ተጠንቀቁ። ደምፑ ቢከሽፍም ጂዚፕ በሰላም ስለሚጨርስ ስክሪፕቱ "ተሳክቷል" ይላል። 20 ባይት የሆነ የባካፕ ፋይል ካያችሁ ውስጡ ባዶ ነው፤ ባዶ ነገር ሲታመቅ ልክ 20 ባይት ነው የሚወጣው። ስክሪፕቱ አናት ላይ "ፓይፕፌይል" የሚለውን አብሩ (ከተያያዙት ትዕዛዞች አንዱ ቢከሽፍ ሁሉንም እንደከሸፈ ይቆጥረዋል)፣ የፋይሉንም መጠን ከትናንቱ ጋር አነጻጽሩ።

በወር አንድ ቀን ባካፑን ሌላ ማሽን ላይ ዘርጉት። ቴብሎቹን ቁጠሩ፣ የመጨረሻው ሽያጭ የመቼ እንደሆነ እዩ፣ ዘርግቶ ለመጨረስ ስንት ሰዓት እንደፈጀም ጻፉ። አለቃችሁ "መቼ ይመለሳል?" ብሎ ሲጠይቅ የምትመልሱት ያንን ነው።

ወደ ቢሮ ስታወርዱት ፋይል መቅጃውን ኤስሲፒን ተዉት፤ ከተቆረጠ ከዜሮ ይጀምራል። ሌላው መቅጃ፣ አርሲንክ፣ "ፓርሻል" በሚለው አማራጭ ካቆመበት ይቀጥላል።

አፕዴት ሳደርግ "ዌር" የሚለውን (የትኛው ረድፍ እንደሚቀየር የሚወስነውን) ረስቼ የሁሉንም ደንበኛ ስልክ አንድ አደረግኩት!

መጀመሪያ አፕሊኬሽኑን አቁሙት፣ አዲስ ነገር አይጻፍበት። ከዚያ ባካፑን ሌላ ቦታ ዘርጉና የተበላሸውን ዓምድ ብቻ ከእሱ መልሱ። ማይኤስኪውኤል 8 ላይ ባይነሪ ሎግ (የለውጦች መዝገብ) ሳትነኩት የበራ ነው፤ ከባካፑ በኋላ የተደረጉትን ለውጦች እስከ ስህተቱ ደቂቃ ድረስ በእሱ ማስኬድ ይቻላል።

ለወደፊቱ ዋናው ዳታቤዝ ላይ በእጅ የምትጽፉት ሁሉ በትራንዛክሽን ይሁን። "ስታርት ትራንዛክሽን" በሉ፣ አፕዴቱን አስኪዱ፣ ስንት ረድፍ እንደተነካ አንብቡ። አንድ ደንበኛ ልታስተካክሉ 48,000 ረድፍ ካለ "ሮልባክ" ብላችሁ መልሱት። አንድ ካለ "ኮሚት" ብላችሁ አጽኑት። መሃል ላይ ኔት ቢቆረጥ ዳታቤዙ ራሱ ወደ ነበረበት ይመልሰዋል። የግንኙነቱን መሞት እስኪያውቅ ድረስ ግን የነካችኋቸው ረድፎች እንደተቆለፉ ይቆያሉ። ስለዚህ ትራንዛክሽን ከፍታችሁ ቡና ልትጠጡ አትሂዱ።

ማይኤስኪውኤል ላይ ቴብል መቀየርና መሰረዝ ሮልባክ አይደረግም፤ ሲጻፍ ያው ጸና። ፖስትግሬስ ላይ ግን ይመለሳል። እኔ ፖስትግሬስን ከምወድባቸው ምክንያቶች አንዱ ይህ ነው።

የዋናውን ሰርቨር ተርሚናል ቀለምም ቀይ አድርጉት። የጊትላብ ኢንጂነር የተሳሳተው የትኛው ማሽን ላይ እንዳለ ነው።

"ቱ ሜኒ ኮኔክሽንስ" (ግንኙነት በዛ) ይላል። ቁጥሩን ላሳድገው?

ከማሳደጋችሁ በፊት ማን እንደያዘው እዩ። ማይኤስኪውኤል ሳትነኩት 151፣ ፖስትግሬስ 100 ይፈቅዳል፤ ለትንሽ ሥራ ብዙ ነው። ብዙውን ጊዜ ግንኙነት ከፍቶ የማይዘጋ ኮድ፣ ወይም ሌሎቹን ያሰለፈ አንድ ከባድ ጥያቄ ነው የሚገኘው።

ዲስኩ ሞልቶ ሁሉም ነገር ቆመ። የቱን ልሰርዝ?

"ዲኤፍ" ላይ ኤችን ጨምራችሁ የትኛው ክፍል እንደሞላ እዩ። ቦታ እያለ ሞልቷል የሚል ከሆነ በኤች ፈንታ አይን ጨምሩና አይኖዶቹን (የፋይል መመዝገቢያ ቦታዎቹን) እዩ፤ ትንንሽ ፋይሎች በብዛት ሲከማቹ ያልቃሉ። ከዚያ በ"ዲዩ" እያሰሳችሁ ውረዱ። ሎግ ፋይል ሰርዛችሁ ቦታው ካልተመለሰ ፋይሉን የያዘው ፕሮግራም አልለቀቀውም ማለት ነው፤ ፕሮግራሙን ሪስታርት አድርጉት።

ዳታቤዙ ፎልደር ውስጥ ገብታችሁ ግን በእጅ አንዲት ፋይል እንዳትሰርዙ። የፖስትግሬስ "ዋል" ፎልደር ሎግ ይመስላል፤ እሱን መሰረዝ ዳታቤዙን ማጥፋት ነው። የማይኤስኪውኤልን ባይነሪ ሎግ የምታጸዱት ከራሱ ከማይኤስኪውኤል ውስጥ "ፐርጅ" በሚለው ትዕዛዝ ነው።

አማርኛው የጥያቄ ምልክት ብቻ ሆኖ ይወጣል። ይመለሳል?

ዳታቤዙ ውስጥ የተቀመጠው ራሱ የጥያቄ ምልክት ከሆነ አይመለስም፤ ፊደሉ ሲገባ ጠፍቷል። የተዘበራረቀ ላቲን የሚመስል ነገር ከሆነ ግን ብዙ ጊዜ ባይቱ አለ፣ የተነበበው በተሳሳተ ኮድ ነው፤ ተስፋ አለው።

የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ (ለዓለም ፊደላት ሁሉ ቁጥር የሚሰጠው መዝገብ) ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው፤ የምናውቃቸው ፊደላት ዩቲኤፍ 8 በሚባለው አጻጻፍ እያንዳንዳቸው 3 ባይት ይይዛሉ። ማይኤስኪውኤል "ዩቲኤፍ8" ሲለው የኖረው ደግሞ እስከ 3 ባይት ብቻ ይቀበላል። ስለዚህ አማርኛው ይገባል፣ ኢሞጂው ይወድቃል። እ.ኤ.አ. በ2021 የተጨመሩት የጉራጊኛ ፊደላትም 4 ባይት ስለሆኑ አይገቡም። "ዩቲኤፍ8ኤምቢ4"ን ተጠቀሙ፤ ቴብሉም፣ ግንኙነቱም፣ አፕሊኬሽኑም። ከሦስቱ አንዱ ከቀረ ይበላሻል።

ስም ፍለጋ ላይም አስቡበት። ኃይሉ፣ ሀይሉ እና ሃይሉ ለዳታቤዙ ሦስት ሰዎች ናቸው። ተመሳሳይ ድምፅ ያላቸውን ፊደላት ወደ አንድ ያመጣ ተጨማሪ ዓምድ ሠርታችሁ ፍለጋውን በእሱ ላይ አድርጉ፤ ስሙ ግን ባለቤቱ እንደጻፈው ይቀመጥ።

ሰዓቱና ቀኑስ?

ሰርቨሩን ዩቲሲ (የዓለም መነሻ ሰዓት) ላይ ተዉት። እኛ በ3 ሰዓት እንቀድመዋለን፣ ክረምት ከበጋ አይለዋወጥም። ክሮን (ሥራን በሰዓቱ የሚያስነሳው ፕሮግራም) ላይ ዜሮ ሰዓት ብላችሁ የጻፋችሁት ባካፕ በእኛ አቆጣጠር ከሌሊቱ 9 ሰዓት ይሮጣል፤ ጥሩ ሰዓት ነው።

የኢትዮጵያን ቀን በዴት ዓምድ ለማስቀመጥ አትሞክሩ። ጳጉሜን ስትደርስ 13ኛ ወር አላውቅም ይላችኋል። በፈረንጅ አስቀምጡ፣ ለተጠቃሚው ስታሳዩ ቀይሩት።

ሰርቨሩን ውጭ ያለች እህቴ ናት በካርዷ የምትከፍልልኝ። ችግር አለው?

ካርድ ለማግኘት ብዙ ሰው እንዲህ ነው የሚያደርገው። ችግሩ የሚመጣው ካርዱ ጊዜው ሲያልፍ ነው። ማስጠንቀቂያው የሚሄደው ለእሷ ኢሜይል ነው፤ እሷ ማስታወቂያ መስሏት ታልፈዋለች። አከራዮች ክፍያ ሲዘገይ መጀመሪያ ሰርቨሩን ያግዱታል፣ ቆይተው ይሰርዙታል። ስለዚህ አካውንቱ በእናንተ የሥራ ኢሜይል ይከፈት፣ የእሷ ካርድ ብቻ ይግባበት። የሁለተኛ ማረጋገጫ ኮዱም እናንተ ጋ ይሁን፤ በእሷ ስልክ ከሆነ ለአስቸኳይ ነገር እሷ ያለችበት አገር እስኪነጋ ትጠብቃላችሁ። መልሶ ማግኛ ኮዶቹን ወረቀት ላይ አትማችሁ ቢሮ ቆልፉባቸው። ዶሜኑም በተመሳሳይ ይያዝ፣ የሚታደስበትንም ቀን ስልካችሁ ላይ ከወር በፊት አስታዋሽ አድርጉለት።